ቀይዋ እሷ ናት

ያንን ቀልድ ሮም ላይ ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሳይነግርብኝ እኔው ልናገረው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች እረፍት ስለምንወጣ፣ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ያለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት እንሰበሰባለን። እዚያ መሃል ላይ ቆሜ የሐኪሙን ድምፅ አወጣለሁ፣ የእትዬን ድምፅ አወጣለሁ፣ ቤቱን በሳቅ አፈርሰዋለሁ። «በማርያም ድገሚው!» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። እትዬ ራሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። አምስት ወር ሙሉ በዚያ ቀልድ ሳቅን። አሁን ትዝ ሲለኝ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሮም በገባሁ በሳምንቴ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስነፋረቅ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «ተነሺ እባክሽ! ጣልያን አልቃሻ ሰው ቤቱ አያስገባም» አሉኝ። ለእረፍት ቀናቸው ከሌሎች ሴቶች ጋር የተከራዩዋት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ እዚያ አስገብተው አበሉኝ፣ አሳደሩኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራ ፈልገው አገኙልኝ። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ላሳድስ ፖሊስ ጣቢያ ስሰለፍ አብረውኝ ተሰልፈዋል። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሙስና እሑድን ያለ እሳቸው አሳልፌ አላውቅም። የወላጅ እናቴን ሞት በስልክ ነው የተረዳሁት፤ እትዬ ግን በቅርቤ ነበሩና እንዲያመልጡኝ አልፈለግሁም።

እሳቸው ፊሳ ነበሩ። ፊሳ የምንለው እዚያው አሠሪው ቤት እያደሩ መሥራትን ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋት አንዲት ሲኞራ፣ ጣልያን እመቤት፣ ይጦሩ ነበር፤ ያነሷታል፣ ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል። ደሴ አንዲት ልጅ አለቻቸው። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ለአያቷ ትተዋት የመጡ፣ በስልክ ያሳደጓት፣ አሁን ራሷ የወለደች። ጡረታ ወጥተው እሷ ጋ ለመግባት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸው ነበር። ወሬያቸው ሁሉ ይሄ ነው። «የልጅ ልጄን አፏን ሳትፈታ ባልደርስም፣ ትምህርት ቤት የማደርሳት ግን እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ቀልዱ እንዲገባ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ቀይ ነኝ። በእኛ አነጋገር ማለቴ ነው። ሠፈራችን ውስጥ «ያቺ ቀይዋ» ሲባል እኔ ነኝ ዞር የምለው። እትዬ ደግሞ ጠይም ናቸው፣ ወደ ጥቁረቱ የሚያደላ፣ ወዝ ያለው ጠይም። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም እየተባባልን ስንመራረጥ ኖረን ሮም ስንገባ ሁላችንም ባንድ ጊዜ «ኔራ» ሆንን። ኔራ ማለት ጥቁር ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር። አልዋሽም፤ የተናደድኩት ስለናቁን ሳይሆን ከእነ እትዬ ጋር እኩል ስለተቆጠርኩ ነው። ይሄን ያህል ባዶ ነበርኩ።

ሐኪሙ የሲኞራዋ የቤተሰብ ሐኪም ነው። እዚህ አገር እያንዳንዱ ሰው በሚኖርበት ቤት አድራሻ ሐኪም ይመደብለታል፤ የእትዬም አድራሻ የሲኞራዋ ቤት ስለሆነ እሱው ሐኪማቸው ሆነ። ዶቶሬ ነው የምንለው። ይቅርታ ይደረግልኝና እሱን አንቱ አልለውም። የስድሳ አራት ዓመቷን እትዬን «ቱ» ይላቸው ነበር፣ አንቺ ማለት ነው። ሲኞራዋን ግን «ሌይ» ነው የሚላት፣ እርስዎ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን አፉን ለሁለት ይከፍለዋል። «እርስዎ እንዴት አደሩ? አንቺ ውሃ አምጪልኝ።» እኔ ሰምቼ ደሜ ሲፈላ እትዬ ይቆጡኛል። «ተይ እስቲ፣ ቋንቋቸው ነው» ይላሉ። ቋንቋቸውማ አይደለም፤ ቋንቋቸው ሁለቱም አለው።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ላይ የግራ ጡታቸው መክበድ ጀመረ። ይሞቃቸዋል፣ ይነዘንዛቸዋል። ለእኔ አልነገሩኝም። ዶቶሬ የሲኞራዋን የእግር ጥፍር ሊያይ በመጣ ቀን፣ ሥራውን ጨርሶ በር ላይ ካፖርቱን ሲለብስ ቀስ ብለው ነገሩት። ለጥፍሯ መብራት አስጠግቶ፣ መነጽር ቀይሮ፣ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያየ ሰው ነው። ለእትዬ ካፖርቱን ሳያወልቅ መለሰ። «ሲኞራዋን ስታነሺ የተጎዳ ጡንቻ ነው። ደግሞ እናንተ ጠንካሮች ናችሁ፣ ምንም አትሆኑም» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ይሄን ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር። «ጠንካሮች ናችሁ አለኝ» ይላሉ፣ እንደተመሰገነ ሰው። እኔም ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ። «እውነቱን ነው፣ ከአንቺ በላይ ጠንካራ ከየት ይመጣል» ብዬ ቀለድኩ፤ ስቀልድ ብቻ ነው አንቺ የምላቸው። ያ ቃል ሐኪም አንዲትን ሴት ላለመንካት የሚያወጣው ምክንያት መሆኑን የት አውቄው።

ከአንድ ወር በኋላ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ሳለብሳቸው በግራ በኩል አልገባ አለ። ጎተትኩት፣ አልገባም። «ጠብቂ፣ ይነካኛል» አሉ። ከፍ አድርጌ ሳየው ጡቱ የቀኙን እጥፍ ሆኗል። ቆዳው ከሌላው ገላቸው የባሰ ጠቁሯል፤ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ጥቁረት ነው። ደግሞ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ አውጥቷል፣ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚመስለው። «በስመ አብ! ምንድነው ይሄ?» አልኩ። «ጡት መያዣው ጠቦኝ ነው፣ ሙቀትም ነው» አሉና ነጠላቸውን ላፍ አድርገው ለበሱ። ቅዳሴው ሙሉ ሐሳቤ እዚያው ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ እየጎተትኩ ዶቶሬ ቢሮ ወሰድኳቸው።

አሎራ፣ እንግዲህ ቀልዱ ይሄውላችሁ።

ገባን። ዶቶሬ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ያያል። «እህ፣ ምን ሆንሽ?» አለ። እትዬ ግን እትዬ ናቸው፤ ሰላምታ ሳያደርሱ በሽታ አይጀምሩም። «ቤኔ ዶቶሬ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት? ባለቤትዎስ? ልጆችስ?» ደህና ነኝ ማለታቸው እኮ የእግዜር ሰላምታ ነው፣ የምርመራ መልስ አይደለም። እሱ ግን «ደህና ከሆንሽማ ጥሩ» ብሎ ሰዓቱን አየ። ያን ጊዜ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ጡታቸው አብጧል፣ ይሞቃል፣ ቆዳው ልክ አይደለም አልኩ።

«ላ ፔሌ ኤ ሮሳ?» አለ። ቆዳሽ ቀይ ነው?

እትዬ ጣልያንኛ ይችላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ኖረውበታል። ቃሉ ገብቷቸዋል። የገባቸው ግን በእኛው አገር ጆሮ ነው። ቆዳሽ ቀይ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ስለ መልካቸው የተጠየቁ መሰላቸው። ትንሽ ግር አላቸው፤ ሰውየው እያያቸው ምን ያስጠይቀዋል? ከዚያ ቀና ብለው በሙሉ ትሕትና «ኖ ዶቶሬ! እኔ ቀይ አይደለሁም፣ ጠይም ነኝ። ቀይዋ እሷ ናት» ብለው ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

ዶቶሬ እኔን አየ። እሳቸውን አየ። እንደገና እኔን አየ። «እሷ? እሷ ቀይ?»

ሳቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ፍርፍር አልኩ። ዶቶሬ ተከተለኝ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። እትዬም ምን እንዳሳቀን ሲገባቸው ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ። ሦስታችንም አንድ ላይ ሳቅን። ከዚያ ዶቶሬ መነጽሩን መልሶ አደረገና በሁለት ጣቱ ጻፈ። ካለሁበት ይታየኛል። ቅላት የለም፣ ብሎ ነው የጻፈው።

ከወንበሩ አልተነሣም። ልብስሽን አውልቂ አላለም። እኔ በአውቶቡስ ቦታ የምጣላ፣ ገበያ ውስጥ አንድ የተበላሸ ቲማቲም ቢሰጡኝ ሻጩን ይዤ የምጮህ ሴት፣ ተነሥቼ የእትዬን ሸሚዝ ቁልፍ ፈትቼ «እይ!» ማለት አቅቶኝ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ዓመት ሙሉ አስቤዋለሁ። ሰውየው አብሮን ስለሳቀ ደስ ብሎኝ ነው። አንድ ጣልያን ሐኪም በኛ ወሬ እንባው እስኪመጣ ሲስቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ደስታውን በነገር ላበላሽ አልፈለግሁም። ይሄው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ቅባት አዘዘ። ሰፋ ያለ ጡት መያዣ ግዢ አለ። ልንወጣ ስንል እኔ የጡት ራጅ እንዲጽፍላቸው ለመንኩት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ልብሽ ይረፍ» ብሎ የምርመራ ማዘዣውን፣ ኢምፔኛቲቫ የምንለውን ወረቀት፣ አትሞ ሰጠን። ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ የካቲት ላይ ሆነ። ወረቀቱን አጥፌ በእትዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፤ ትልቅ ሥራ እንደሠራሁም ቆጠርኩት።

በእነዚያ ሦስት ወሮች ነው ቀልዱ ቪያ ቮልቱርኖን ያዳረሰው። እትዬ እየከሱ ነበር። እኔ ሳቃቸውን አያለሁ እንጂ ክሳታቸውን አላይም። ጾሙ ነው እላለሁ፣ ሲኞራዋ ናት የምታደክማቸው እላለሁ። አንዳንዴ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ደግፈው ይቀመጣሉ። ጓደኞቼ «ቀይዋ፣ ነይ እስቲ ያንን ነገር ድገሚልን» ሲሉኝ ልቤ ያብጣል።

የቀጠሮው ቀን ማክሰኞ ዋለ። አሠሪዎቼን ፈቃድ ብጠይቅ አልሰጡኝም፤ ብቻቸውን ሄዱ። በስልክ ሳገኛቸው «ጨርሻለሁ፣ ውጤቱን ይልካሉ» አሉኝ። እሰይ አልኩ። ውጤቱ ግን አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር አለ። ስጠይቃቸው «ጣልያን መቼ ይቸኩላል» ይሉና ሌላ ወሬ ያመጣሉ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሐሙስ ያቺው ምግብ ቤት ቀልዱን እየደገምኩ ነው። ከበሩ አጠገብ አንዲት ወጣት መነኩሲት ተቀምጣለች። የኛው አገር ካቶሊክ ናት፤ ሐኪም ቤት በነርስነት የምታገለግል፣ ሲስተር የምንላት። ለአንድ ጓደኛችን መድኃኒት ልታደርስ ነው የመጣችው። «ቀይዋ እሷ ናት!» ብዬ ጣቴን ስቀስር ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ሲስተር አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና «ከዚያስ? ሐኪሙ ጡቱን አየው?» አለችኝ።

«አላየውም» አልኩ።

ተነሥታ እትዬ አጠገብ ሄደች፣ ዝቅ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ባኞ ቤት ወሰደቻቸው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ። እኔ ቆሜያለሁ፣ መቀመጥ አቅቶኛል። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ወደ ውጭ ጠራችኝ። «በኛ ቆዳ ላይ እኮ ቀይ ሆኖ አይታይም» አለችኝ። «ይጠቁራል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል። የኛ ቅላት ይሄ ነው። ሐኪሙ የጠየቀው ይሄን ነበር።»

ያ ሁሉ ሳቅ በምን ላይ እንደነበር እዚያ መንገድ ዳር ገባኝ።

የራጁን ውጤት ጠየቀች። እትዬ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እውነቱን አወጡት። ራጅ አልተነሡም። የዚያን ማክሰኞ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አጠገባቸው አንዲት አሮጊት ጣልያን መጥታ ተቀመጠች፤ ከዘራዋ ሲያስቸግራት ቦርሳዋን ያዙላት። የስም ዝርዝር የያዘች ነርስ ወጣችና ስማቸውን ለማንበብ ሞከረች፣ አቃታት፣ ተወችው። ቀና ስትል ቦርሳ የያዘች ጥቁር ሴት ከአሮጊት ጋር አየች። «አስታማሚዎች ውጪ ይጠብቁ» አለች፣ እጇን ወደ በሩ እየጠቆመች። እትዬ ቦርሳውን ለአሮጊቷ መለሱና ወጥተው ኮሪደር ላይ ቆሙ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። በኋላ መስኮቱ ጋ ሲጠይቁ «ተጠርተሽ አልተገኘሽም» አሏቸው። አዲሱን ቀጠሮ ለመስከረም ሰጧቸው።

«ለምን ወጡ?» ብዬ ጮህኩባቸው። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ። «ለምን እኔ ነኝ ታማሚዋ አላሉም? አፍ የለዎትም?»

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ሃያ ስድስት ዓመት አስታማሚዎች ውጪ ሲባል ስወጣ ኖሬያለሁ። እግሬ ራሱ ተነሣ። ኮሪደር ከደረስኩ በኋላ ነው የመጣሁት ለራሴ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ልገባ ብል አፈርኩ። ላንቺም ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።»

ሲስተር ከቦርሳቸው ያንን ኢምፔኛቲቫ አውጥታ አነበበች። ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል አሳየችኝ። ሐኪሙ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚያስቸኩል በፊደል ነው የሚያመለክተው፤ የእትዬ ፊደል ይቆይ፣ አይቸኩልም የሚል ነበር። አምስት ወር ሙሉ ያቺን ፊደል በቦርሳቸው ይዘው ዞረዋል።

በማግስቱ ሲስተር ወደምታገለግልበት ሐኪም ቤት ይዛን ሄደች። እዚያ አዩአቸው፣ ነኩአቸው፣ ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ከአሥር ቀን በኋላ የካንሰር ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ዶቶሬሳ ነው የምንላት፣ አርባ የሚሆናት ሴት ናት። ጎበዝ ናት አሉ፤ ትሁን። ጡት ውስጥ የሚያቃጥል፣ የሚሮጥ ዓይነት ካንሰር ነው፣ ወደ ሳንባ ደርሷል አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እትዬን አየቻቸው። «ግን ለምን ይሄን ያህል ዘገየሽ? እናንተ ሁሌ እንዲህ ናችሁ፣ ከባሰ በኋላ ነው የምትመጡት። ታፍራላችሁ? ሃይማኖታችሁ ነው የሚከለክላችሁ?»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ሰበሩ። «ስኩዚ፣ ዶቶሬሳ» አሉ። ይቅርታ ጠየቁ! በገዛ ሕመማቸው፣ በገዛ ሞታቸው ይቅርታ ጠየቁ። «አልዘገዩም! ሦስት ጊዜ...» ብዬ ስጀምር እትዬ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨምድደው ያዙኝ። በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማለት ይቻላል፣ «ዝም በይ። ገና በእጇ ነኝ፤ ከእሷ ጋር አታጣዪኝ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። የሚያክምሽን ሰው ማስቀየም አይቻልም፤ ይሄንን የማያውቅ ካለ ተለምኖ ታክሞ የማያውቅ ሰው ነው።

ሕክምናው ሲጀመር የሲኞራዋ ልጅ ሌላ ሴት ቀጠረችና የቤቱን ቁልፍ ተቀበለቻቸው። ጥሩ ሴት ናት፣ አልቅሳለች። እትዬን ፖንቴ ማሞሎ በሚባለው ሠፈር ወዳለው የኔ ክፍል አመጣኋቸው። ፀጉራቸው አለቀ፣ ጥፍራቸው ጠቆረ። ደሴ ሲደውሉ ካሜራውን ዘግተው «ደህና ነኝ የኔ እናት፣ ኔትወርኩ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን ስልኩን ዘግተው «ሁለት ዓመቱን ቢሰጠኝ ምናለበት» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። እግዜርን ነው ያሉት። እኔ ግን ሰጪና ነሺው ሌላ ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ እግራቸውን አሸሁ።

ኅዳር ላይ አረፉ። ፍትሐት አስፈትተን ሬሳቸውን ወደ አገር ሸኘን። ቀብሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደወለችልኝ። አለቀሰች፣ አመሰገነችኝ፣ ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «እማዬ ለምን ቶሎ አልታከመችም? ሮም እኮ ናት። ሮም ሐኪም የለም እንዴ?»

ምን ልበላት? እናትሽ ጠይም ስለሆነች ነው ልበላት? እኔ ስስቅ ነበር ልበላት? «መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱን ከባለቤቱ አፍ ሰምቼ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ዶቶሬ ጋ ሄድኩ። ከፖንቴ ማሞሎ ጀምሮ ባቡሩ ውስጥ በጣልያንኛ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ልሳደብ አልፈለግሁም። ሌይ እያልኩ፣ እርስዎ እያልኩ፣ አንድ በአንድ ልነግረው ነው። ጥቅምት ላይ ነገሩዎት። ኅዳር ላይ መጣን። አልተነሡም፣ አላዩም። ልጃቸው ለምን ብላ ትጠይቃለች፣ ምን ልበላት? ግሡን ሁሉ ደጋግሜ አስተካከልኩ፤ እንዲስቅብኝ አልፈለግሁም።

መጠበቂያው ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። በሩ ተከፍቶ አንድ ታማሚ ሲሸኝ ዶቶሬ አየኝ። እኔ ከእትዬ በሃያ ሁለት ዓመት አንሳለሁ። በአንድ ራስ እበልጣቸዋለሁ። ፊቱ በራ፤ እጁን ዘርግቶ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ኦ! የሲኞራዋ አስታማሚ!» አለ። «እንዴት ነሽ? የት ጠፋሽ? ሌላ ሴት ቀጠሩ ሲሉኝ አገርሽ የገባሽ መስሎኝ ነበር። ጡትሽስ? ተሻለሽ አይደል?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ላይ ጠፋ። ግሡም ጠፋ፣ እርስዎውም ጠፋ። ዓይኑን አየሁት። የሚያስመስል አይደለም፤ ከልቡ ደስ ብሎታል።

«ሶኖ ሞርታ፣ ዶቶሬ» አልኩት። ሞቻለሁ።

ሳቀ። እጄን አልለቀቀም። ሰዎቹ እየሰሙት፣ ተማሪ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብሎ፣ «ዝም ብሎ ሞርታ አይባልም፤ ስታንካ ሞርታ ነው የሚባለው፣ ድክም ብሎኛል ማለት ነው» ብሎ ጣልያንኛዬን አረመልኝ።